የፉርን ኤል ሸባኳ ኤሌክትሪሺያን

ቤይሩት ውስጥ ዛሬ ባል ማግኘት ይቻላል፤ ኤሌክትሪሺያን ማግኘት ግን አይቻልም። ባሉን እኔ አልሞከርኩትም፤ ጓደኛዬ ዘሀራ ግን በአንድ በጋ ሁለት ጠያቂ መልሳለች። ኤሌክትሪሺያን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ቢጠይቃት ኖሮ እኔ ራሴ ጎትቼ እድራት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት መብራት እንደ ሩቅ ዘመድ ብቅ ብሎ፣ ሰላም ብሎ፣ ሳይቀመጥ ይሄዳል። የቀረውን ሰዓት የሰፈሩ ጄኔሬተር ነው። ትንሽ አቅም ያለው ደግሞ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘርግቶ ምድር ቤቱን በባትሪ ሞልቷል። ይህ ሁሉ ሽቦ ነው፤ ሽቦ ደግሞ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል። የሚያውቁት ግማሾቹ ዱባይና ቆጵሮስ ገብተዋል፤ የቀሩት የሰው ጣሪያ ላይ ናቸው። የከተማው ሰው አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያ ጣሪያውን ሲያይ ብታገኙት ዝናብ የሚለምን ይመስላችኋል። ኤሌክትሪሺያን እየለመነ ነው።

እኔም በዚህ መሃል ኤሌክትሪሺያን ሆንኩ።

ትምህርቴን ከጠየቃችሁኝ፣ ከአገር ስወጣ የላከኝ ደላላ የሰጠኝ አንድ ምክር ነው። «እዚያ ስትደርሺ ታውቂያለሽ ወይ ካሉሽ አዎ በይ። አላውቅም ያለች ትመለሳለች» አለኝ። ለሁላችንም ያለው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ሊባኖስ ገብተን መጀመሪያ የለመድናት የዓረብኛ ቃል «ኤ» ናት፤ አዎ ማለት። ታቡሌ ትሠሪያለሽ? ኤ። ውሻ ታጥቢያለሽ? ኤ። ዘሀራ ትዋኛለሽ ተብላ «ኤ» ብላ የሰው ልጆች ይዛ ባሕር ወርዳለች። ወሎ ተወልዳ፣ ውኃ የምታውቀው በእንስራ ነው። አላህ ጠብቆ የዚያን ቀን ባሕሩ ተቆጥቶ ስለነበር ማንም ሳይገባ ተመለሱ።

የእኔ «ኤ» ግን እየዋኘች ሄደች።

የማዳሜ ቤት ፉርን ኤል ሸባክ ሰፈር፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ያለን ኃይል ትንሽ ነው። ልብስ ማጠቢያው ሲዞር ካውያ አይሰካም፤ ካውያው ሲሰካ ቦይለሩ ይጠፋል፤ ቦይለሩ ሲበራ ደግሞ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን እንቀመጣለን። አንዳችን ከረሳን ድርግም ይላል። ያኔ ምድር ቤት ወርዶ የወደቀውን ብሬከር ወደ ላይ የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ከየፎቁ የምንላከው ሐበሾች ደረጃው ላይ ስለምንገናኝ ሰላምታ የምንለዋወጠው፣ የአገር ቤት ወሬ የምንሰማው እዚያ ነው። መብራት ባይጠፋ ኖሮ ማን እንዳገባ ማን እንደወለደ አናውቅም ነበር።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ የእኛን ብሬከር አንሥቼ ልወጣ ስል የሦስተኛ ፎቋ ማዳም ጆስሊን ያዘችኝ። ሠራተኛዋ ወደ አገሯ ስለገባች ራሷ ወርዳ፣ የወደቀባትን ብሬከር እያነሣች፣ እሱም እየወደቀባት ተበሳጭታለች።

«ልብስ ማጠቢያውን ስከፍተው ይወድቃል። አንቺ ይሄን ነገር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ኤ።»

ፊት ለፊቴ የብሬከር መዓት ተደርድሯል። እኔ የማውቀው የእኛን አንዱን ነው። የእሷን አነሣሁት፤ ወደቀ። ደግሜ አነሣሁት፤ ወደቀ። እንግዲህ የእኔ ሳይንስ አንድ ብቻ ነው፤ አንዱ እንዲበራ ሌላው ይጥፋ። ጥግ ላይ ወረቀቷን እርጥበት የበላት፣ የማን እንደሆነች የማትታወቅ አንዲት ብሬከር አየሁ። እሷን ወደ ታች አደረግሁና የጆስሊንን አነሣሁት። ቆመ። ከላይ ልብስ ማጠቢያው ሲዞር ተሰማ። ማዳም ጆስሊን ጉንጬን ሦስቴ ሳመችኝ፤ «ሜርሲ ሐቢብቲ፣ ሜርሲ» እያለች ደረጃውን ወጣች፤ ስትወጣም በየበሩ አወራች።

በማግሥቱ ከሕንጻችን ሥር ያለችው ፀጉር ሠሪ አስጠራችኝ። ገባሁ፤ ዓይኔን ጠበብ አድርጌ ጣሪያውን አየሁ፤ ግድግዳውን በጣቴ ቆረቆርኩ፤ ከዚያ «ይሄንን ካስክ አጥፊው» አልኳት። አጠፋችው። መብራቷ መውደቁን ተወ። ሐኪም ስኳር ቀንሺ ሲላት እንኳ እንዲያ ተደንቃ አታውቅም መሰለኝ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይላል ያገሬ ሰው። እኔ መጽሐፉን ዘፍዝፌ ሳሙና እየፈለግሁ ነበር።

በዚያው ሰሞን አሳንሰሩ ቆመ።

አሳንሰራችን ቀድሞም ይሄዳል ይቆማል፤ ማንም አልገረመውም። ቴታ ባይኖሩ ኖሮ እኔንም አይገርመኝም ነበር። ቴታ ማለት አያት ነው፤ ቴታ ኤቭሊን የማዳሜ እናት ናቸው፤ እኔ የመጣሁት እሳቸውን ልረዳ ነው። ጉልበታቸው ደረጃ አይችልም። አሳንሰሩንም፣ መሃል ላይ መብራት ይሄድብኛል ብለው ስለሚፈሩ፣ ከቤት ከወጡ ዓመታት አልፈዋል። ዓለማቸው ሰገነቱ ነው። ከዚያ ሆነው የሰፈሩን ሰው አናት አናት ያያሉ፤ «ፋርማሲስቱ መመለጡን እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅሁት» ይሉኛል።

የዚያን ክረምት ግን ፍርሃታቸውን ሊተዉ ቆርጠው ነበር። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው ያራ ከካናዳ መጥታ ቀጣዩ መንገድ ላይ ባለው ቤተ ክርስቲያን ልታገባ ነው። «ያራን ቬሎ ለብሳ ሳላያት አልሞትም፤ ካየኋት በኋላ የፈለገው ይሁን» ይላሉ ቴታ። ልብሳቸው ከተሰፋ ቆይቷል፤ እንዳይጨማደድ በየጊዜው ቦታ እቀይርለታለሁ።

ማዳሜ ስልክ ይዛ ኤሌክትሪሺያን ስትለምን ዋለች። አንዱ የለሁም አላት፤ አንዱ ጣሪያ ላይ ነኝ አላት፤ አንዱ ከኳታር ሆኖ አነሣው። በመጨረሻ ዞር ብላ አየችኝ።

«ያኒ፣ ጆስሊን የነገረችኝ እውነት ነው? አንቺ ኤሌክትሪክ ታውቂያለሽ?»

ቴታም ከወንበራቸው አዩኝ። ምላሴ ከእኔ ቀድማ «ኤ» አለች።

ማዳሜ ስልኩን አስቀመጠች። ቴታ እጄን ይዘው ሳሙኝ፤ መሳም የነበረብኝ እኮ እኔ ነበርኩ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዚህ ሁሉ ከተማ ለቴታ ኤሌክትሪሺያን የሚፈልግ አንድም ሰው አልነበረም። ሠርጉ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

አሳንሰሩን መረመርኩት። መመርመር ካላችሁት። በሩን ከፍቼ ውስጡን አየሁ፤ ቁልፉን ተጫንኩ፤ ጎኑን መታ መታ አደረግሁ። ጎረቤቶች ደረጃው ላይ ቆመው ያዩኛል። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ በቅባት ተለቅልቄ ወጣሁና «ዕቃ ያስፈልገዋል» አልኳቸው። ሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ። ባለሙያ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ እምነታቸው ጨመረ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እያደር ከበደኝ። ቴታ በቀን በቀን «ዕቃው መጣ?» ብለው በጠየቁኝ ቁጥር ወደ ማድ ቤት እሸሻለሁ።

እሑድ ዕረፍቴ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ነጠላዬን ሳላጣጥፍ ሳብራ ገበያ ሄጄ ዘሀራን ያዝኳት። እዚያው አጠገብ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ ሰፈር ስለምትሠራ እዚያ ያለውን ሰው ሁሉ ታውቃለች። የሆነውን ነገርኳት። ሽንኩርት እየመረጠች ሳቀችብኝ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረጉሽ አሮጊቷ? ወላሂ አንድ ቀን አውሮፕላን ታበሪያለሽ ወይ ቢሉሽ ኤ ትያለሽ።»

«አንቺም ዋኝተሻል።»

«እኔ አልገባሁም። አንቺ ገብተሻል» አለችና ሽንኩርቷን ትታ ወደ አቡ ዋሊድ ሱቅ ወሰደችኝ።

አቡ ዋሊድ የሰፈሩ ኤሌክትሪሺያን ናቸው፤ ሸበቶ፣ ከባድ ሰው። ሱቃቸው በር ላይ ሰልፍ አገኘን። ሰልፈኞቹ ሁሉ እንደ እኛው የቤት ሠራተኞች ናቸው፤ እሑድም የማያርፉ። ሐበሻ አለች፣ ስሪላንካ አለች፣ ፊሊፒንስ አለች። እያንዳንዷ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ማዳሞቹ ስልክ አልሠራ ሲላቸው በሆድ ሊያስመጧቸው ፈልገው ነው፤ ኪቤ የሚሉት የሥጋ ጥብስ፣ የወይን ቅጠል ጥቅል፣ ዶሮ በሩዝ፣ ለሙሽራ የማይደረግ ድግስ። አቡ ዋሊድ ደግሞ ስኳርም ደም ግፊትም አለባቸው። ሳህኑን ይቀበላሉ፤ ያሸታሉ፤ ያዝናሉ፤ መልሰው ለሰልፈኛው ያድላሉ። ሰልፉ ደስ ብሎት ይበላል። እኔ ብቻ፣ ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነውና፣ ያ ሁሉ ኪቤ በአፍንጫዬ ሥር እያለፈ ቆሜ ጾምኩ። ያን ቀን የጾምኩት ጾም ካልተቆጠረልኝ ሌላው ባይቆጠርም አልከራከርም።

አቡ ዋሊድ ተነሥተው «ያ ብናት፣ እናንተ ልጆች፣ እኔ ምግብ አልፈልግም፤ እጅ ነው የምፈልገው» አሉ። «ሠራተኞቼ ሁሉ ሄደውብኛል። አስተምራለሁ፤ ሲያውቁ ይበርራሉ። አሁን ማዶው ጣሪያ ላይ ሥራ አለኝ፤ መሰላል የሚይዝልኝ፣ ብሬከር የሚያወርድልኝ ሰው የለም። ከእናንተ መሃል ትንሽ እንኳ የምታውቅ አለች?»

ዘሀራ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። ምን ዋጋ አለው፤ «ኤ» ብያለሁ።

እናም ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ጣሪያ ወጣሁ። ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ባትሪውም፣ ሳጥኑም፣ ሽቦውም እኔን የሚያይ ይመስለኛል። አቡ ዋሊድ መሰላሉ ላይ ወጡና ጀርባቸውን እንደሰጡኝ «በስተቀኝ ያለውን አውርጂ» አሉኝ። አንዱን አወረድኩ። ፒንሳቸውን አወጡ።

«አወረድሽው?»

«ኤ።»

እጃቸው ወደ ሽቦው ሄደ። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔና እሳቸው ጀርባ ለጀርባ ዞረን ነው የቆምነው፤ የእሳቸው ቀኝ የእኔ ግራ ነው። ቀኝ ያሉት የእሳቸውን ቀኝ ይሁን የእኔን አላውቅም። ላለመናገር ምላሴ ታገለችኝ። እኚህ ሰው ቢሞቱስ? ልጆች አሏቸው፤ ሰልፍ ሙሉ ሰው ይጠብቃቸዋል። እኔ ደግሞ ቴታ አሉኝ።

«ላ፣ ላ፣ አይንኩት! አላውቅም! አላውቅም፣ አቡ ዋሊድ!»

ሊባኖስ ከገባሁ ጀምሮ «አላውቅም» ስል የመጀመሪያዬ ነው። እሳቸው ፒንሳውን ኪሳቸው ከተው ቴስተር አወጡና ሽቦውን ነኩበት። የቴስተሩ መብራት ቦግ አለ። ሽቦው ኃይል ነበረው።

ከመሰላሉ ወርደው የባትሪ ካርቶን ላይ ተቀመጡ። ሲጋራ ለኮሱ። ተሰናበትኩ ብዬ ነጠላዬን ፈታሁ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ሠላሳ ዓመት ስሠራ ሠራተኞቼ ሁሉ ያውቁ ነበር። አንዱ አውቃለሁ እያለ ሁለት ጣቱን አጣ። ስትጮኺ ደነገጥኩ፤ ግን እንዲህ የሚጮህ ሰው ነው የምፈልገው። እሑድ እሑድ ነይ፤ ሥራውን አስተምርሻለሁ። ዓለም ሁሉ ኤሌክትሪሺያን እየፈለገ ነው።» ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ፓስፖርትሽ የት ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ማዳሜ ጋ።»

«ጥሩ። እንግዲያው አንቺ አትበሪብኝም።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ደረጃውን ስወርድ ግን ሳቁ አልቆብኝ ነበር። ክፋት እንዳልነበራቸው አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቃሉ አሁንም ይወጋኛል። እስከ ማታ መሰላል ያዝኩላቸው፤ ዋጋዬ አንድ ብቻ ነበር፤ መጥተው የቴታን አሳንሰር ሊያዩልኝ።

ሐሙስ እመጣለሁ አሉ፤ አልመጡም። ዓርብ አሉ፤ ሌላ ጣሪያ ያዛቸው። ቅዳሜ ጠዋት ቴታ ሰማያዊ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ፀጉር ሠሪዋ ወጥታ ሠርታላቸው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ማዳሜ የእኔን ፊት ታያለች፤ እኔ ሰገነቱ ላይ ሆኜ መንገዱን አያለሁ። ያራ እየደወለች «ቴታ ወረደች?» ትላለች። እኔ ቴታን በጀርባዬ አዝዬ አምስት ፎቅ ለመውረድ ወስኜ፣ ነጠላዬ ይችላል አይችልም እያልኩ ስጎትተው፣ አቡ ዋሊድ ቦርሳቸውን ይዘው ከሰርቪስ ታክሲ ሲወርዱ አየሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላስታውሰውም።

ምድር ቤት ገቡ። ቦርሳቸውን አልከፈቱም። ብሬከሮቹን ከግራ ወደ ቀኝ አዩና ጥጉ ላይ ወረቀቷን እርጥበት የበላትን ያቺን ብሬከር በአንድ ጣታቸው ወደ ላይ አደረጓት። አሳንሰሩ ከላይ እህህ ብሎ ነቃ።

ዞረው አዩኝ።

«ይሄን ማን አወረደው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

«የማዳም ጆስሊን ልብስ እንዲታጠብ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ እንኳን ልስቅ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ለካ ለቴታ ሁለት ሳምንት ኤሌክትሪሺያን የፈለግሁት እኔው ራሴ ከሠራሁት ጉድ ላድናቸው ነው። ማዳሜ ሳቁን ሰምታ ወረደች።

«ችግሩ ምን ነበር፣ ሙሲዮ?»

አቡ ዋሊድ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ከባድ ነበር ማዳም። ያለ እሷ እንዲህ ያለ ነገር አይገኝም» አሉ። ከውሸት አይቆጠርባቸውም።

ከመሄዳቸው በፊት አስረዱን። አሳንሰሩና የሦስተኛ ፎቅ ልብስ ማጠቢያ የሚጠጡት ከአንድ ባትሪ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ አይሆኑም። ማዳም ጆስሊን ደረቷን መታ መታ አድርጋ ማሽኗን አልከፍትም ብላ ማለች፤ ማሽኑ በር ላይም ወንበር አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ቴታን በተሽከርካሪ ወንበራቸው አሳንሰሩ ውስጥ አስገባኋቸው። እጄን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው ገባብኝ። አራተኛ፣ ሦስተኛ እያልን ስንወርድ በየፎቁ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ምድር ስንደርስ ቴታ ትንፋሻቸውን ለቀቁት።

ሠርጉን አልተርክላችሁም፤ ሠርግ ሁሉ አንድ ነው። ይህን ብቻ ልንገራችሁ። ያራ ገና ከመሠዊያው ስትመለስ ከነቬሎዋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ራሷን ቴታ ጉልበት ላይ አደረገች። ቴታ ፀጉሯን አልነኩም፤ እንዳይበላሽባት እጃቸውን አየር ላይ ይዘው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ፎቶ አንሺው እኔን ከኋላ ዞር በይ አለኝ፤ ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ቴታን ይዘን ተመለስን። ሕንጻው በር ላይ ስንደርስ መተላለፊያው ጨልሟል፤ አሳንሰሩ ሞቷል። ማዳም ጆስሊን መሐላዋ ለመውረጃ ብቻ መስሏት የሳምንቱን ልብስ ከታ ማሽኑን ከፍታዋለች። ማዳሜ ግንባሯን ይዛ «ያላ፣ አቡ ዋሊድን ጥሪው» አለች።

«እሳቸው አያስፈልጉም፤ የትኛዋን አውርጄ የትኛዋን እንደማነሣ አውቃለሁ» አልኳት። እውነት ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ዞርኩ።

ቴታ ቀሚሴን ጎትተው ያዙኝ።

ቀና ስል መንገዱ ላይ ሰው ተሰብስቧል። ፋርማሲስቱ ነጭ ካባውን ለብሶ ወጥቷል፤ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን እየሳመ «ኤቭሊን፣ በሕይወት አለሽ እንዴ?» ይላል። «አንተ ግን ፊት አለህ ለካ፤ እኔ የማውቀው መላጣህን ነው» ይሉታል። አትክልት ሻጩ ፍራፍሬውን ትቶ መጣ። ከማዶው ሕንጻ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ቀስ እያሉ ይመጣሉ፤ ሁለቱ ከሰገነት ሰገነት ሰላም ሲባባሉ የኖሩ ናቸው፤ በእጅ ከተነካኩ ስንት ጊዜ እንደሆናቸው እንጃ። ቴታ ቀይ ሆነዋል፤ እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አቤት ቴታ።»

«ያንን ነገር በእውነት ማስነሣት ታውቂያለሽ?»

«አሁን አውቃለሁ።»

«እንግዲያው እንዳትነኪው። ገና ማዕዘኑ ድረስ አልሄድኩም።»

ማዳሜ ከኋላ ስሜን እየጠራች ነበር። እኔ ግን የወንበሩን ፍሬን ፈታሁና ወደ ማዕዘኑ ገፋሁት።